የጀልባው ወንፊት

«ለመሆኑ ይሄን ውኃ የሚያመጣላችሁ ማነው?» አሉ መካኒኩ ጋሽ አትናቴዎስ፣ ከሞተሩ የውኃ ፓምፕ ውስጥ ያወጡትን እርጥብ ሳር በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው።

ብሌን የስልኳን መብራት እያበራችላቸው አጠገባቸው ቆማ ነበር። ሳሩን ስታይ ፊቷን መለሰችና ብርሃኑም ወደ ግድግዳው ሸሸ።

«አንቺ ልጅ፣ ወዲህ አብሪልኝ እንጂ! የታመመው ግድግዳው ነው እንዴ?»

«ይቅርታ» አለች ብሌን።

«አስካለ ማርያም ናት የምታመጣልን» አሉ እቴቴ በለጠች። እሳቸው የብሌን አክስት፣ የወፍጮ ቤቱም ባለቤት ናቸው። ከሐሙስ ጀምሮ ፊታቸው አልተፈታም። «በአህያ እየጫነች ስንት ዓመቷ! ምነው፣ ምን አገኙ?»

«ምን ያላገኘሁት አለ! ሳር አለ፣ ደለል አለ። የፓምፑን የጎማ ክንፎች ቆራርጦ ጨርሷቸዋል። ይሄ ከምንጭ የተቀዳ ውኃ አይደለም፤ ከረግረግ የተዛቀ ነው።»

«ወንፊት አለው እኮ ጋሽ አትናቴዎስ። ቱቦው ጫፍ ላይ ታስሮለታል።»

«አየሁት፤ ደህና ወንፊት ነው። ግን ወንፊት ትልልቁን ነው የሚይዝ። የረግረግ ድቃቂ ሾልኮ ይገባና ቀስ በቀስ ተከማችቶ ያንቃል። ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም» አሉና ሳሩን የተቃጠለ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ ወረወሩት። ቸኩለዋል፤ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ የተበላሸ አይሱዙ ይጠብቃቸዋል።

ሳሩ መካከል የጣት ርዝመት ያለው አገዳ ነበረበት። እንዲያ ያለ አገዳ በዚያ ወንፊት ቀዳዳ ሾልኮ አያልፍም። ጋሽ አትናቴዎስ አላስተዋሉትም። ብሌን ግን አየችው፤ አይታም ዝም አለች። ሳሩ ከየት እንደመጣ ከመላው ሞላሌ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ስለ ሞተሩ ትንሽ እናውራ። የጀልባ ሞተር ነው። አዎ፣ የጀልባ! መንዝ ላይ የጀልባ ሞተር ምን ይሠራል ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ የሞላሌ ሰው እንኳ ስቆ ስቆ ጨርሷል። የእቴቴ በለጠች ባል በሕይወት ሳሉ ጣና ላይ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ጀልባ አርጅቶ ሲፈታ አገኙና፣ ሞተሩን በጭነት መኪና አስጭነው አምጥተው ከወፍጮው ጋር አጋጠሙት። መብራት በጠፋ ቁጥር ሌሎቹ ወፍጮዎች ይቆማሉ፣ እሱ ይፈጫል። ሰማያዊ ቀለሙ እስካሁን እዚህም እዚያም ይታያል። ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ሲመጡ «ጀልባው ተነስቷል?» ይላሉ። «ተነስቷል፣ ድረሺበት!» ይባላሉ።

ሐይቅ ላይ ሳለ ውኃውን ራሱ ከሥሩ እየሳበ፣ በሆዱ አዙሮ፣ ሙቀቱን ይዞ መልሶ ይተፋው ነበር። ሞላሌ ላይ ሐይቅ ከየት ይምጣለት? ከግድግዳው ውጪ ሁለት በርሜሎች ቆሙለት። ከአንደኛው ይስባል፣ ወደ ሁለተኛው ይተፋል። የሚተፋበት ቧንቧ ውኃ እስካወጣ ድረስ ደህና ነው፤ ቧንቧው ከደረቀ ግን አንድ ደቂቃ ሳይቆዩ ማጥፋት ነው። የሙቀት መለኪያው ከተሰበረ ቆይቷል። ስለዚህ እቴቴ በለጠች ለብሌን ሁልጊዜ የሚሏት ነገር አንድ ነበር፦ «ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ያቺን ቧንቧ አትርሺ።»

ብሌን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ወላጆቿ ያሉት ጓሳ አጠገብ ነው፤ እዚያ ከስድስተኛ ክፍል በላይ ስለሌለ እቴቴ በለጠች «የወንድሜ ልጅ ሜዳ ላይ አትቀርም» ብለው ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አመጧት። ዘንድሮ ስምንተኛ ናት፤ ክልላዊ ፈተና አለባት። ቤት ውስጥ እንደ ልጅ ነው የምትታየው። የተሰጣት ሥራም ያን ያህል የሚያጉረመርሙበት አልነበረም፤ ጠዋት ጠዋት ወንፊቱን ማጽዳት ነው።

ኧረ ግን ያ ጠዋት! በታኅሣሥ የሞላሌ ውርጭ ቀልድ አያውቅም። ውኃው እንዳይጋገር በርሜሉ ዙሪያውን በጓሳ ሳር ተሸፍኗል፣ ከላይም ሳር ተጎዝጉዞበታል። ሳሩ እየተሰባበረ ውኃው ውስጥ ይገባል፤ ወንፊቱም የታሰረው ለዚሁ ነው። ብሌን ስሱን በረዶ በዱላ ትሰብራለች፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ውኃው ውስጥ ትከታለች፣ ሽቦውን ፈትታ ወንፊቱን ታወጣለች፣ የተሰካበትን ሳር አንድ በአንድ ትለቅማለች፣ ከዚያ መልሳ ታስረዋለች። ስትጨርስ ጣቶቿ የእሷ አይመስሏትም። ክፍል ገብታ እስክሪብቶ ለመያዝ አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈጅባታል።

ሰኞ ጠዋት ሽቦው አልጠመዘዝ አላት። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስቴም አመለጣት። «ኤጭ!» አለችና ወንፊቱን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ከትምህርት ቤት ስመለስ አስረዋለሁ ብላ ነበር። ስትመለስ ሞተሩ እንደ ወትሮው ዱግ ዱግ ይላል፣ ቧንቧውም ውኃ ይተፋል። ለካ ያለ ወንፊትም ይሆናል! ማክሰኞ አላሰረችውም፤ ረቡዕም እንደዚያው። ረስታው አይደለም። እጇ ሞቆ ትምህርት ቤት መድረስ ጣፍጧት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ሠፈሩ ሁሉ ቀብር ወጣ። እቴቴ በለጠች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው «ይቺ ገብስ ስታልቅ አጥፊው። ቧንቧዋን እያየሽ!» ብለው ሄዱ። ብሌን ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ስልኳን አወጣች። አንድ የሚያስቅ ቪዲዮ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ቀና ያለችው የተቃጠለ ቀለም ሲሸታት ነው። ቧንቧው ደርቋል። ሞተሩ ያቃስታል፣ ከላዩ ጭስ ይወጣል።

ማጥፊያው እጇ ሥር ነበር። እሷ ግን ጭስ ያየ ሰው የሚያደርገውን አደረገች፤ እየሮጠች ወጥታ በሳሩ ሥር ሳይቀልጥ ከዋለው በረዶ ጋር አንድ ባልዲ ውኃ ቀድታ መጣችና እላዩ ላይ ደፋችበት። ሞተሩ ጧ! አለ። ክፍሉ በእንፋሎት ተሞላ። ከዚያ ጀልባው ሁለት ጊዜ ተንገጫግጮ ጸጥ አለ።

ብሌን መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥላ ያደረገችውን ስታስበው ትሸማቀቃለች። ዕንባዋን ጠርጋ ወለሉን በጆንያ አደረቀች፣ ወንፊቱን ከመስኮቱ አንስታ ጣቶቿ እየደነዘዙ አሰረችው። ሰኞ እምቢ ያላት ሽቦ በአንድ ጊዜ ተጠመዘዘላት። እቴቴ በለጠች ከቀብር ሲመለሱ «ብቻውን ጠፋ» አለቻቸው።

«ቧንቧዋን እያየሽ ነበር?»

«አዎ፣ እቴቴ።»

እንግዲህ ይሄው ነው። ዛሬ ቅዳሜ ደግሞ መካኒኩ መጥተው የጀልባውን ሆድ እየከፈቱ ነው።

ጋሽ አትናቴዎስ የዘይት መለኪያውን መዘው አወጡና ለእቴቴ በለጠች አሳዩአቸው። «ይኸውልዎት፣ ዘይቱ ማኪያቶ ሆኗል! ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። የላይኛውን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አንስቼ አየዋለሁ። በክዳኑና በሞተሩ መሐል ያለው ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮኑ፣ መቃጠሉ አይቀርም።»

እቴቴ በለጠች ግን አሁን ዘይት የሚያዩበት ዓይን አልነበራቸውም። ከውጪ የአህያ ኮቴ ተሰምቶ ነበር። አስካለ ማርያም ናቸው፤ ሁለት አህዮች ጀሪካን ጭነው፣ ከኋላቸው ልጃቸውን እየሩስን አስከትለው መጡ። እየሩስ የብሌን የክፍል ጓደኛ ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

«ደህና አደርሽ በለጠች» አሉ አስካለ።

«ደህና አላደርኩም። አስካለ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ውኃውን ከየት ነው የምትቀጂልኝ?»

«ከየት ይሆናል? ከምንጩ ነዋ!»

«ከምንጭ የመጣ ውኃ ሳርና ደለል አለው? መንገዱ ሲረዝምብሽ ከታች ከረግረጉ እየቀዳሽ መጣሽ! ጀልባውን እኮ ገደልሽው!»

አስካለ ማርያም የያዙትን የአህያ ገመድ ለቀቁት። «በሚካኤል እልሻለሁ፣ አንዲት ጣሳ ከረግረግ ቀድቼ አላውቅም። ሳሩ ከራስሽ በርሜል ቢሆንስ? ዙሪያውን ጓሳ አይደል ያለበስሽው?»

«የበርሜሉንማ ወንፊቱ ይይዘዋል። ብሌን በየጠዋቱ ታጸዳዋለች። መካኒኩ እዚህ አሉ፣ ጠይቂያቸው።»

እህል ይዘው የመጡ ሁለት ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር። አንደኛዋ «ረግረግ!» አለች ለጓደኛዋ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጋ። አስካለ ማርያም ዞር ብለው አዩዋትና ፊታቸው ጠቆረ።

እየሩስ ከእናቷ ኋላ ወጣች። «እትዬ በለጠች፣ ከምንጩ ነው የምንቀዳው። ብሌን ታውቃለች እኮ! ባለፈው ቅዳሜ አብራን ወርዳለች። ብሌን፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

ሁሉም ወደ ብሌን ዞሩ። ጋሽ አትናቴዎስ እንኳ የብሎን መፍቻቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«ያን ቀን ከምንጩ ነው የቀዳነው» አለች፣ ወለሉን እያየች። «ሌላውን ቀን ግን… እኔ እንጃ። አላየሁም።»

እየሩስ አፏን ከፍታ ቀረች። ብሌን ከእሷ ዓይን ለመሸሽ የስልኳን መብራት አጥፍታ እንደገና አበራችው። ብታስበው ውሸት አልተናገረችም፤ ሌላውን ቀን በእርግጥም አላየችም። ያም ሆኖ ከአፏ እንደወጣ ራሷን ጠላችው።

«በቃ፣ ገባኝ» አሉ አስካለ ማርያም። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «ከእንግዲህ ውኃ አታምጪ ልትዪኝ ነው፤ ሳትዪኝ ቀርቻለሁ። የወፍጮ ቤቱ ጀሪካኖች ቤቴ አሉ። ልጅ ላኪና አስወስጂ።» አህዮቹን ከነጭነታቸው መለሷቸው። እየሩስ እናቷን ተከትላ ሄደች፤ ወደ ኋላም አላየችም።

ጋሽ አትናቴዎስ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈቱ ጨርቅ ላይ ደረደሩ። ቴስታታውን አንስተው ጀርባውን ወደ ላይ አስቀመጡትና የብረት ማስመሪያ አጋድመውበት፣ ብሌን ከኋላ እያበራችላቸው፣ በማስመሪያው ሥር ብርሃን ያሾልክ እንደሆነ አዩ። አያሾልክም።

«ተመስገን፣ አልተጣመመም። ጋርኒሲዮኑ ነው እዚህ ጋ የተቃጠለው፤ አየሽው ጥቁሩን? ተመሳሳዩን ይዤ መጥቻለሁ፣ የፓምፑንም ጎማ። እለውጥና እዘጋዋለሁ። ሲጠፋ አንቺ ነበርሽ አይደል?»

«አዎ።»

«ያደረግሽው ነገር አለ? የነካካሽው?»

«የለም» አለች ብሌን። ይሄኛው ግን ጥርት ያለ ውሸት ነበር።

እቴቴ በለጠች ጀሪካኖቹን እንድታመጣ ላኳት። እምቢ የምትልበት አፍ ከየት ታምጣ? እግሯ እየተጎተተ ሄደች። መንገድ ላይ «አስካለ አይገኙ፣ እየሩስም አትገኝ፣ በሩ ዝግ ይሁን» ብላ ተሳለች ማለት ይቻላል። በሩ ግን ክፍት ነበር። እየሩስ ግቢው ውስጥ ዩኒፎርሟን እያጠበች ነው።

«ጀሪካን ነው?» አለች እየሩስ። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ አራቱን ጀሪካኖች ከጥግ አመጣቻቸው። አንገታቸውን በገመድ አስራ አዘጋጅታቸው ነበር። «እናቴ አጥባቸዋለች። ‹ቆሻሻ ነበር እንዳትል› ብላ።»

ብሌን ገመዱን ተቀበለች። ግን አልሄደችም። «ተቆጥተሽኛል?»

«መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር። ከዚያ ሳስበው… አክስትሽን ፈርተሽ ነው አይደል? አውቃለሁ እኮ። የምትኖሪው እሳቸው ቤት ነው፤ እኔም ብሆን እፈራ ነበር።» እየሩስ ድምፅዋን ቀነሰች። «እናቴ አልገባትም። ‹ቤቴ ቆሎ የበላች ልጅ› እያለች አለቀሰች። እኔ ግን ብሌን እንደዛ አይደለችም አልኳት።»

ብሌን ፊቷ ተቃጠለ። ብትሰድበኝ ምን አለ! ብትጮኽብኝ! ጓደኛዋ ስታዝንላት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

«አሁን ምን ልትሠሩ ነው?»

«እንጃ። ለጠላ ቤቶቹም ውኃ የምናመጣው እኛ ነን። ቅድም ስናልፍ አንዷ ‹ለጊዜው ይቅርብኝ› አለቻት። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ከረግረግ ትቀዳለች ከተባለ ማን ይጠጣዋል?» አለችና ሳቅ ለማለት ሞከረች። «አህዮቹ ግን ደስ ብሏቸዋል፣ ዕረፍት አገኙ።»

ብሌን አራቱን ባዶ ጀሪካኖች ተሸክማ ወጣች። መንገዱ ላይ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ኳ ኳ ይላሉ፤ ሰው ሁሉ የሚያያት መሰላት። ብነግራቸው ወደ ገጠር ይመልሱኛል፣ ብላ አሰበች። ትምህርቴ እዚህ ላይ አለቀ። እቴቴ ፊቴን ማየት ይጠላሉ። ባልነግራቸውስ? ባልነግራቸው ማንም አያውቅም። ሳሩ ጣሳ ውስጥ ነው፣ ወንፊቱ ታስሯል፣ ወለሉ ደርቋል። ሁሉንም ራሷ አስተካክላዋለች። እንዴት አድርጋ እንዳስተካከለችው ስታስብ ደግሞ አፈረች፤ ለካ ለውሸት ሲሆን ጎበዝ ሠራተኛ ነኝ አለች በልቧ።

ወፍጮ ቤት ስትደርስ ጋሽ አትናቴዎስ አዲሱን ጋርኒሲዮን አስቀምጠው ቴስታታውን ለመጫን አንስተውት ነበር። እቴቴ በለጠች አጠገባቸው ቆመዋል።

«ጋሽ አትናቴዎስ፣ አይዝጉት» አለች ብሌን።

«ምን?»

«አይዝጉት። ውኃ ደፍቼበታለሁ። ሲግል፣ እላዩ ላይ። አንድ ባልዲ።»

«ቀዝቃዛ?»

«በረዶ ነበረበት።»

ጋሽ አትናቴዎስ ቴስታታውን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት። «ድምፅ ሰምተሻል?»

«ጧ አለ።»

«አይ ልጅቷ! ታዲያ መቼ ልትነግሪኝ ነበር? ዘግቼው ሄጄ ሲፈነዳ? ቅድም ጠየቅኩሽ አይደል እንዴ!»

ብሌን ከጀመረች አይቀር መቆም አልቻለችም። ዓይኗን ጨፍና የሰኞውን ሽቦ፣ መስኮቱ ላይ የነበረውን ወንፊት፣ ስልኩን፣ የደረቀውን ቧንቧ፣ ወለሉን ያደረቀችበትን ጆንያ ሳይቀር ተናገረች።

«ነጭ ጋዝ አላችሁ?» አሉ ጋሽ አትናቴዎስ። «ጠመኔስ?»

ጠመኔ አላት፤ የክፍል አለቃ ናት። ሮጣ ከቦርሳዋ አመጣች። ጋሽ አትናቴዎስ የቴስታታውን ፊት በጨርቅ ወለወሉትና ነጭ ጋዝ ቀቡት። ትንሽ ጠብቀው ጥርግ አድርገው አደረቁት። ከዚያ ጠመኔውን እስኪነጣ ድረስ ፈተጉበት። «አሁን ዝም ብለሽ እዪ» አሏት። «ስንጥቅ ከሌለው ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ካለው ውስጡ የገባው ጋዝ ተመልሶ ይወጣል።»

ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ብሌን በልቧ «አይኑር፣ አይኑር» ትላለች። ቆይቶ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል አንዲት ቀጭን እርጥብ መስመር ብቅ አለች፤ ቀስ እያለች ረዘመች።

«ተሰንጥቋል» አሉ ጋሽ አትናቴዎስ። «ዘግቼው ብሄድ ኖሮ በሳምንቱ ውኃ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባና ሞተሩ እንዳለ ቁርጥራጭ ብረት ይሆን ነበር። አሁን ቴስታታው ብቻ ደብረ ብርሃን ይወርዳል፤ ከተበየደ ይበየዳል፣ ካልሆነ ሌላ ይፈለጋል። ዕድሜ ልኩን ሐይቅ የለመደ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ውርጭ መች ያውቅና!» ወደ ጣሳው ሄደው ሳሩን አወጡት። ረዥሙን አገዳ መዘዙና ከወንፊቱ ቀዳዳ ጋር አስተያዩት። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም ሽማግሌ! ይሄ በየት አለፈ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ለአይሱዙ ስቸኩል የሰው ስም አጠፋሁ።»

እቴቴ በለጠች ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። «ውይ፣ በሞትኩት!» አሉ። «አስካለን እኮ ሰው ፊት ነው ያዋረድኳት።» ቀና ብለው ብሌንን አዩዋት። «አንቺ ደግሞ አጠገቤ ቆመሽ ትሰሚኝ ነበር። ሞተርስ ይሰበራል፤ ብረት ነው። እንዴት አስቻለሽ?»

እንዴት እንዳስቻላት ራሷም አታውቀውም። «አላውቅም፣ እቴቴ» አለች፤ ዕንባዋ ወረደ። «ወደ ቤት ይመልሱኛል?»

«ማን ውጪ አለሽ? ፈተናሽን ትፈተኛለሽ። ስልኩ ግን እኔ ጋ ይቀመጣል። ወንፊቱንም እስክትመረቂ ድረስ አንቺው ነሽ የምታጸጂው!» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ብሌን ስልኩን ሰጠቻቸው።

ጋሽ አትናቴዎስ ቴስታታውን በጆንያ ጠቅልለው ሚኒባስ ፍለጋ ወጡ። እቴቴ በለጠች በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመሩ። «ስሚ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ አስካለን እኔ አገኛታለሁ። ሞተሩ አርጅቶ ነው፣ ተሳስቻለሁ፣ ይቅር በዪኝ እላታለሁ። ውኃዋንም ታመጣለች። ያንቺን ስም አላነሳም፤ የቤታችንን ጉድ ሠፈር ለሠፈር ማዞር የለብንም። አባትሽም አይሰማ። እዚሁ ይለቅ።»

እውነቱን ለመናገር ብሌን ደስ አላት። አስካለ ማርያም ሥራቸው ይመለሳል። ወሬውም ይበርዳል። ማንም አያውቅም። «እሺ፣ እቴቴ» አለች።

መጥረጊያ አንስታ ወለሉን ትጠርግ ጀመር። ግማሹን ሳትጨርስ እጇ ቆመ። ሰኞ ጠዋት አንድ ዴስክ ላይ ሲቀመጡ ታያት። እየሩስ ጠጋ ብላ «አየሽ፣ እናቴን አልኳት እኮ፤ ብሌን እንደዛ አይደለችም» ትላታለች። ከዚያ እስክሪብቶ ታበድራታለች። በዕረፍት ሰዓት ቆሎዋን ታካፍላታለች። ብሌንም ተቀብላ ትበላለች፤ ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ እስከ ፈተናው ድረስ።

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«ወዴት ነው?» አሉ እቴቴ በለጠች።

«እነ እየሩስ ቤት።»

«ነገ እኔ እሄዳለሁ አልኩሽ እኮ።»

«እርስዎ የእርስዎን ይንገሯቸው፣ እቴቴ።»

እቴቴ በለጠች ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ቆይተው መልሰው ዘጉት። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው «ብርድ ነው፣ ይሄን ደርቢ» አሏት።

እየሩስ ያጠበችውን ዩኒፎርም አጥሩ ላይ እያሰጣች ነበር። «ደግሞ ምን ረሳሽ?» አለች ስታያት።

«እናትሽ አሉ?»

አስካለ ማርያም ድምፅ ሰምተው ራሳቸው ወጡ። ግቢ አላሏትም። በሩ ላይ እንደቆሙ «አክስትሽ ላከችሽ?» አሉ።

«አልላኩኝም። ሳሩ ከእናንተ ውኃ አይደለም የመጣው። ጀልባውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

እየሩስ እርጥቡን ቀሚስ እንደያዘች ወደ እናቷ ዞረች፤ ፊቷ በርቶ ነበር። «አላልኩሽም? ለእኛ ብላ በራሷ ላይ ስታላክክ ተመልከቻት! ተይ በናትሽ ብሌን፣ እንዲህማ አይሆንም። አክስትሽ ይገድሉሻል።»

ብሌን አንድ እርምጃ ወደ ግቢው ገባች። ዝም ብትል፣ ዝም ብቻ ብትል፣ ያ ፊት እንደበራ ይቆይ ነበር።

«ለእናንተ ብዬ አይደለም፣ እየሩስ» አለች። «ቁጭ በዪ። ከሰኞው ሽቦ ልጀምርልሽ።»